አላልቅ ያለው ቆጣሪ

1.

«አልከፍልም።»

2.

ይህን ያለችው ደብሪቱ ናት። ደሴ ውስጥ፣ ከገበያው በላይ ዳገቱ ላይ ባለ ሦስት ክፍል ግቢ አላት። በአንዱ ክፍል ራሷ ትኖራለች። በሁለተኛው ጡረታ የወጣው ሹፌር ጋሽ ሽብሩ አለ። መንገድ ዳር ያለችውን ክፍል ሰዓዳ ተከራይታ የሴቶች ፀጉር ትሠራባታለች። ለሦስቱም የመብራት ቆጣሪው አንድ ነው፤ የተመዘገበውም በደብሪቱ ስም ነው።

አልከፍልም ያለችው የአዲስ ቆጣሪ ዋጋ ነው። ከመብራት ቢሮ የመጡ ሁለት ሰዎች በየበሩ እያንኳኩ፣ በካርድ የሚሠሩት ቆጣሪዎች ጊዜ አልፎባቸዋል፣ ሁሉም በአዲስ ይቀየራል፣ ዋጋውን ደንበኛው ይችላል ሲሉ ሰነበቱ። ስንት እንደሆነ ሲነግሯት ደብሪቱ ድገሙልኝ አለቻቸው።

ደገሙላት።

አልቀነሰም።

3.

ደብሪቱ በርበሬ ነጋዴ ናት። ክርክሯም ከገበያ የመጣ ነው።

«በርበሬ ስመዝን ሚዛኑን የገዛሁት እኔ ነኝ። ሲያረጅም የምቀይረው እኔው ነኝ። አንዷንም ገዢ፣ መጀመሪያ ሚዛን ግዢልኝና ከዚያ በርበሬ እሸጥልሻለሁ ብያት አላውቅም።»

ሰዎቹ ተያዩ። አንደኛው ሳቁን በሳል ዋጠው። (እኔ እዚያ አልነበርኩም። የነገረኝ ጋሽ ሽብሩ ነው፤ እሱ ደግሞ ሲያወራ ትንሽ ጨመር ያደርጋል። ሳሉን የጨመረው እሱ ሊሆን ይችላል።)

4.

መብራትሽን እንቆርጣለን አላሏትም። ያሏት፣ ከዚህ ወር በኋላ የድሮውን ካርድ አንሞላም ነው።

ይህቺን ስትሰማ ደብሪቱ ዘዴ መጣላት። በኋላ ካልሞሉ አሁን ይሙሉ። እስኪበቃ ይሙሉ። አንዴ ቆጣሪው ከጎረሰው ማን ከሆዱ ያወጣዋል?

የራሷን ገንዘብ አወጣች። ጋሽ ሽብሩን ስትጠይቀው፣ እኔ ስንት ዓመት እንደቀረኝ ሳላውቅ ለማን ብዬ ነው የምሞላው ብሎ ጥቂት ብቻ ጣል አደረገ። ሰዓዳ ግን ሁለተኛ ካስክ ልትገዛ ያስቀመጠችውን እንዳለ አመጣች። ያለ ሁለተኛ ካስክ የበዓል ሰሞን ደንበኛ ተራ መጠበቅ ይሰለቸውና ወደ ሌላ ቤት ይሄድባታል። ቢሆንም ደብሪቱ፣ ለመብራት ወጪሽን ስታቆሚ በጥቂት ወር ካስኩን ትገዢዋለሽ አለቻት።

«እትዬ ካሉ» አለች ሰዓዳ።

ብሩ ሁሉ ካርድ ተሞልቶበት ቆጣሪው ውስጥ ገባ።

5.

የግርጌ ማስታወሻ፣ ለወንዶች፦ ካስክ ማለት ሴት ፀጉሯን በቢጉዲን ተጠቅልላ ጭንቅላቷን የምትከትበት ትልቅ ማድረቂያ ነው። መብራት ከሌለው ባርኔጣ ነው።

6.

ከዚያ ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ሰፈሩ ሁሉ ስላጉረመረመ ቢሮው ሐሳቡን ቀየረ። ገና ያልከፈለ ሰው አዲሱን የሚያገኘው

በነጻ

ሆነ።

ደብሪቱ አንገቷን አቅንታ ገበያ ወረደች። ቀድመው የከፈሉት እሷን ሲያዩ መንገድ ይሻገሩ ጀመር። እሷም ሆነ ብላ ተሻግራ ሰላም ትላቸዋለች።

ደስታዋ ግን አልሰነበተም። ሰኞ እንቀይርልሻለን ብሎ የደወለላት ሰው ስልኩን ሊዘጋ ሲል አንድ ነገር አስከተለ፦ አሮጌው ቆጣሪ ውስጥ የተረፈ ካርድ ወደ አዲሱ አይዛወርም።

7.

መመሪያ። ቆጣሪ እስከ ሰኞ እንዴት ይጨረሳል?

አምፖል ሁሉ አብሪ። በጠራራ ፀሐይ።

ውሃ አፍዪ። ሲቀዘቅዝ ደግመሽ አፍዪው።

ጋሽ ሽብሩን ቴሌቪዥኑን እንዳያጠፋ ንገሪው። ሊተኛ ከሆነ ድምፁን ቀንሶ ይተኛ።

የሚተኮስ ልብስ ያለው ይዞ ይምጣ በዪ።

ለሰፈሩ ሴት ሁሉ፣ ሰዓዳ ቤት ፀጉር ማድረቅ በነጻ ነው ብለሽ አስወሪ።

ከዚያ ቆጣሪውን እዪ።

አሁን አትዪው።

እሺ፣ እዪው።

8.

እሁድ ግቢው ሠርግ ቤት መሰለ። ቢጉዲን የጠቀለሉ ሴቶች ግድግዳውን ተደግፈው ተራ ይጠብቃሉ። አንዷ የቤቷን መጋረጃ ሁሉ ነቅላ ለመተኮስ መጥታለች። ቀድማ ከፍላ የነበረችው ጎረቤት እንኳ ኩርፊያዋን ትታ የባሏን ሱሪዎች ተሸክማ ገባች። ጋሽ ሽብሩ በተተኮሰ ሸሚዝ፣ በተተኮሰ ሱሪ፣ በተተኮሰ መሀረብ መሀል ግቢው ላይ ቆሞ፣ ሚስት ባገባሁበት ቀን እንኳ እንዲህ አላማርኩም ይላል።

ሰዓዳ እየወጣች ቆጣሪውን ታያለች። ተመልሳ ትገባለች። ደግሞ ትወጣለች።

«እትዬ፣ አልወርድ አለ እኮ።»

ደብሪቱ መጥታ አየች። ካስኩ እየሠራ፣ ካውያዎቹ እየጋሉ፣ ምድጃው ቀልቶ፣ ቁጥሩ ጠዋት ከነበረበት እምብዛም ፈቀቅ አላለም።

«ይሄ ቆጣሪ ጡረታ የወጣው ከእኔ በፊት ነው» አለ ጋሽ ሽብሩ። «የነገረን የለም እንጂ።»

ግቢው በሳቅ ፈረሰ።

ደብሪቱ አልሳቀችም። የእኔ ቆጣሪ በረከት አለው እያለች ለጎረቤት ስታወራ ኖራለች። ለካ በረከት አልነበረም። ቀስ ብሎ ይቆጥር ነበር። ሚዛን የሚያጎድል ነጋዴ በገበያ ምን ተብሎ እንደሚጠራ ታውቃለች፤ ጮክ ብለው ከሚጠሩት አንዷ ነች።

9.

ሰኞ ጠዋት፣ ቆጣሪው ሥር የተባለው። የመጣው ባለሙያ ኪሩቤል ይባላል።

ኪሩቤል፦ እናቴ፣ ብዙ ነው እኮ የቀረው።

ደብሪቱ፦ አውቃለሁ።

ኪሩቤል፦ ቆጣሪው ደህና ከሆነ ከእሱ ጋር ይቀራል።

ደብሪቱ፦ ደህና ካልሆነስ?

ኪሩቤል፦ ብልሽት አለበት ብዬ ከመዘገብኩ ይመረመራል፤ የተረፈውም አዲሱ ላይ ይሞላል።

ደብሪቱ፦ መዝግበዋ።

ኪሩቤል፦ ይስሙኝ። ብልሽቱ ቀስ ብሎ መቁጠር ከሆነ፣ ሳይቆጥር ያሳለፈውን ወደ ኋላ አስልተው ያስከፍላሉ። የሚያስከፍሉትም ባለስሙን ነው። እርስዎን።

ደብሪቱ፦ ከአዲሱ ቆጣሪ ዋጋ ይበልጣል?

ኪሩቤል፦ ሳይበልጥ አይቀርም።

ጋሽ ሽብሩ (ከበሩ ላይ)፦ ደህና ነው ልጄ፣ እንደ ሰዓት ነው የሚቆጥረው።

ደብሪቱ፦ አንተ ዝም በል።

10.

ሰዓዳ ሁሉንም ሰምታለች። ማበጠሪያ እንደያዘች ከቤቷ ደጃፍ ብቅ አለች።

«ግዴለም እትዬ። ካስኩ ለሌላ ጊዜ ይሁን። እርስዎን ዕዳ ውስጥ አልከትም።»

ብላ ገባች። ወዲያው ከውስጥ ለደንበኛዋ ስትስቅላት ተሰማች። ሳቋ ግን ትንሽ ዘለግ ያለ ነበር።

11.

እዚህ ላይ ስደርስ ጋሽ ሽብሩን፣ ከዚያስ ምን አለች አልኩት። አንድ ነገር ነገረኝ። መጋረጃ ያስተኮሰችው ሴትዮ ሌላ ነገረችኝ። ደብሪቱን ራሷን ብጠይቃት በርበሬ ልመዝንልሽ ወይስ ዝም ብለሽ ቆመሻል አለችኝ።

ገዛሁ።

ስለዚህ ሁሉም የሚስማሙበትን ብቻ እጽፋለሁ።

12.

ኪሩቤል መሰላሉ ላይ ሆኖ ብዕሩን በጥርሱ ከፈተ።

«እናቴ፣ ሰው እየጠበቀኝ ነው። ቆጣሪው ደህና ይቆጥር ነበር ወይስ አይቆጥርም ነበር?»

ደብሪቱ ወደ ሰዓዳ በር አየች። ካስኩ ውስጥ ያለችው ደንበኛ ጋዜጣ ታገላብጣለች፤ ደጅ ያለችው ሌላዋ ተራ መጠበቅ ሰልችቷት ቦርሳዋን አንጠልጥላ ተነሥታለች።

«አንቺ፣ ተቀመጪ» አለቻት ደብሪቱ። «ትሠራሻለች።»

ከዚያ ወደ መሰላሉ ዞረች።

«ጻፍ ልጄ» አለችው። «አጉድሎ ነው የሚቆጥረው።»