ከካምቢዮው ሥር

«ዘይቱ ጫማዬን አበላሸው። ሰውየው ሞቶም አላረፈልን» አለች አንዷ ለቀስተኛ፤ አጠገቧ ያለችው ደግሞ ሳቋን በመሐረብ አፈነች።

ግቢው ውስጥ ከቆመው የአባቷ መኪና ሥር በጀርባዋ የተጋደመችው የሟች ልጅ ሁሉንም ትሰማለች። እዚያ ሆና የሚታያት ጫማ ብቻ ነው፦ የተወለወለ፣ ተረከዙ የተንጋደደ፣ ዘይት ረግጦ ወደ ሳሎን የሚገባ። አባቷ ከተቀበረ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከመኪናው ካምቢዮ የሚንጠባጠበው ዘይት የለቀስተኛው ወንበር ሥር ድረስ ስለደረሰ አክስቷ «ወይ ጠግኑት ወይ ጎትታችሁ አውጡልኝ» ብላ ነበር። የአባቷን መኪና ማስጎተት አልፈለገችም። እሷም እንደ አባቷ መካኒክ ናትና መለዋወጫውን ገዝታ፣ ቱታዋን ለብሳ ገባች። የካምቢዮ ዘይት የበሰበሰ እንቁላል ይሸታል፤ እሷን ግን የሚያቅለሸልሻት ወሬው ነው።

«መጠጥ ነው የበላው» አለ ቡናማው ጫማ። «እጁ እኮ ወርቅ ነበር።»

የአባቷ የጋራዥ ሸሪክ ነው። ጠዋት ከሁሉም በላይ ጮሆ ያለቀሰው እሱ ነበር።

ትፍ ልትል ፈለገች። ግን በምን አፏ? የዛሬ ዓመት አባቷ የተቃጠለ ዘይት በባልዲ ተሸክሞ ሲሄድ ተደናቀፈና ደንበኛ ላይ ደፋው። ሸሪኩ «ዛሬም ጨልጦ መጣ» ሲል እሷም አመነች። በሰው ፊት «አባዬ፣ ታስጠላኛለህ» አለችው። ከትከሻዋ በላይ ግድግዳውን ሲያይ ቆየ። በነጋታው ሌላ ጋራዥ ተቀጠረች፤ ከዚያ ወዲህ ከሰላምታ አልፋ አላናገረችውም።

ዘይቱን ሳፋ ላይ አፍስሳ ከካምቢዮው ወደ ጎማው የሚሄደውን ዘንግ፣ አክስሉን፣ ነቀለች። አክስሉ ከካምቢዮው በሚወጣበት ቦታ ዘይት የሚያግደው የጎማ ቀለበት ገና አዲስ ነው። አዲስ ሆኖ ሳለ ተገልብጦ ገብቷል፤ ወደ ውስጥ መዞር ያለበት ከንፈሩ ወደ ውጭ ዞሯል። እንዲህ ያለ ስህተት የሚሠራው ሙያውን ትናንት የጀመረ ሰው ነው። አባቷ ሰክሮ ነው የገጠመው ብላ፣ ሬሳው ገና ሳይበሰብስ፣ እንደገና ተጸየፈችው።

ቀለበቱን በካቻቢቴ ፈልቅቃ አወጣችና የአባቷን የመፍቻ ሳጥን ሳበች። በየመፍቻው እጀታ ላይ በሞረድ የተቆረጠ ጭረት አለ፤ በአሥር ቁጥሩ ላይ አንድ፣ በአሥራ ሁለቱ ሁለት፣ በአሥራ ሦስቱ ሦስት። ቁጥሩ ተጽፎ ሳለ ጭረት ምን ያደርጋል?

እናቷ ሻይ ይዛላት መጥታ ጎንበስ አለች።

«እማዬ፣ እነዚህን ማን ነው የጫራቸው?»

«እሱ ነዋ።»

«ለምን?»

እናቷ ወደ ለቀስተኛው ገልመጥ አለችና ድምጿን ዝቅ አደረገች። «በጣቱ እየዳሰሰ እንዲለያቸው። ዓይኑ ከደከመ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነበር። ሁሉ ነገር ጭስ ሆነብኝ ይል ነበር።»

«ታዲያ ሰካራም ሲሉት ለምን ዝም አለ?»

«ሰካራምን ነገ ይተዋል ብለው ይታገሡታል። የማያይ መካኒክን ማን ይታገሠዋል? አንቺም እንዳትሰሚ አስምሎኛል። ካወቀች ሥራዋን ትታ እኔን ስትመራ ትውላለች፣ ብትቀየመኝ ይሻላል አለ።»

 አባቷ ዘይቱን የደፋ ቀን ግድግዳውን ሳይሆን ፊቷን ሲፈልግ እንደነበር አሁን ገባት። ከዘይቱም ከወሬውም ይልቅ የገዛ ምላሷ ቀፈፋት።

ቡናማው ጫማ ቀረብ አለ። «ልጄ፣ ተይው ባክሽ። የሰካራም ሥራ መላ የለውም።»

«አባቴ አይጠጣም ነበር» አለች ከሥር ሆና፣ ሁሉም እንዲሰማት። «አያይም ነበር።»

በግቢው የሚራመዱት ጫማዎች ሁሉ ባሉበት ቆሙ።  አዲሱን ቀለበት ከወረቀቱ አወጣችና ዓይኗን ጨፍና ከንፈሩን በአውራ ጣቷ ፈለገች። አገኘሁት ብላ ካስጠጋችው በኋላ ዳግም ስትዳስሰው ዘይት ያሟለጨው ጣቷ አሳስቷት ነበር፤ ልክ አባቷ እንደገጠመው ተገልብጧል። ዓይኗን ሳትገልጥ ቀለበቱን ወደ ደረቷ መለሰችና ከመጀመሪያው ጀምራ መዳሰስ ያዘች።