ባለበት ይቆይ

የማዶው ጤና ጣቢያ መልእክቱን አነበበና የኩፍኝ ክትባት መስጠት አቆመ። የወዲህኛው ያንኑ መልእክት አነበበና እንደ ወትሮው መክተቡን ቀጠለ። ሁለቱም «መምሪያው ያዘዘንን ነው የፈጸምነው» ይላሉ። የሚያበሽቀው ደግሞ ሁለቱም አለመዋሸታቸው ነው።

ከጤና መምሪያው በስልክ የተላከው ማሳሰቢያ አንዲት መስመር ነበረች፦ «የኩፍኝ ክትባት እስከ ሌላ ማስታወቂያ ድረስ ባለበት ይቆይ።»

የወዲህኛዋ ሲስተር ስታነበው «እንደነበረው ይቀጥል» ማለት መስሏት ነበር። ዛሬ ጠዋት ግን የማዶዋ ባልደረባዋ ደወለችላት።

«አንቺ ሴትዮ፣ አሁንም ትከትቢያለሽ? ይቁም እኮ ነው የተባለው! ክትባቱ ተበላሽቶ ቢሆንስ?»

ሲስተር ያነሳችውን መርፌ መልሳ አስቀመጠች። በሩ ላይ ግን ሕፃናት ያቀፉ እናቶች ተሰልፈዋል። የፊተኛዋ ትዕግሥቷ አልቆ አንገቷን አስገባች።

«ሲስተርዬ፣ የጎረቤቴ ልጅ ትናንት ዓይኗ ቀልቶ፣ ፊቷ ሽፍ ብሎ ሆስፒታል ገባች። የኔዋ ከሷ ጋር ስትንፏቀቅ ነው የሰነበተችው። ዛሬ ሂጂ፣ ነገ ነይ እንዳትይኝ!»

«ትንሽ ታገሺኝ፣ እናቴ።»

ወደ መምሪያው ደወለች። መጀመሪያ የሚያነሳ ጠፋ፤ ቀጥሎ መስመሩ ተያዘ። በመጨረሻ ማሳሰቢያ የሚያሠራጨው ሠራተኛ አነሳው።

«ወንድሜ፣ ይቆይ ማለት ይቀጥል ነው ወይስ ይቁም?»

«ይቆይ ማለት… ይቆይ ነው፣ እህቴ። ግልጽ ነው እኮ።»

«ግልጽ ከሆነማ ይንገሩኛ!»

«የጻፉት ኃላፊው ናቸው፤ ስብሰባ ገብተዋል። ማብራሪያ ይላካል።»

«እሺ፣ እሱ ይቅር። ክትባቱ ላይ የተገኘ ችግር አለ?»

የወረቀት መንኮሻኮሽ ተሰማ። «የለም። መጋዘኑም እያደለ ነው። መርሐ ግብሩ ሊሻሻል ስለሚችል ነው እንጂ…»

«እንግዲያው ልከትብ?»

«እሱን እኔ አላልኩም።»

«ልተው?»

«እሱንም አላልኩም።»

ስልኩን ዘግታ ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው። ጥግ ላይ ሆኖ ሲያዳምጥ የነበረው ጤና መኮንን ጉሮሮውን ጠረገ። ጥንቃቄ ስለሚያበዛ ባልደረቦቹ «አቶ ረጋ በል» ይሉታል።

«እነሱማ ሁለት ባላ ተክለዋል፤ አንዱ ቢሰበር ባንዱ ይንጠለጠላሉ። የምትወድቂው አንቺ ነሽ። ማብራሪያው እስኪመጣ ብንጠብቅ ማን ይወቅሰናል?»

አምና ትእዛዝ ጥሰሃል ተብሎ የተቀጣው እሱ ነበርና አልፈረደችበትም። ንዴቷ ግን አልበረደም።

«ማንም አይወቅሰንም። ኩፍኙ ግን ስብሰባ የለበትም፣ አቶ ረጋ በል።»

ተነሥታ ማቀዝቀዣውን ከፈተች። ቴርሞሜትሩን አየች። አንድ ብልቃጥ አወጣችና ሙቀት ሲያገኘው የሚጠቁረውን ምልክት ወደ መስኮቱ አዙራ መረመረችው። አልጠቆረም።

«እኔ በዚህ ነገር የለሁበትም» አለ መኮንኑ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«አውቃለሁ። መዝገቡ ላይ የኔ ስም ብቻ ይጻፍ።»

ከዚያ በሩን ወለል አድርጋ ከፈተችና ሰልፉ ሁሉ እንዲሰማ ድምፅዋን ከፍ አደረገች።

«እናቶች! የኩፍኝ ክትባት ዛሬ ይሰጣል። መምሪያው አቁሚ ብሎ በማያሻማ አማርኛ እስኪጽፍልኝ ድረስ ነገም እሰጣለሁ!»