የካፔልካ የመጨረሻ ገጽ

«ያለ እኔ ኤርሞላይ ማን ነበር?» አለች ሩፊና ሎቭና፣ ብርጭቆዋን እንደያዘች ቆማ። ከንፈሯ በዓሣ ዘይት ያብረቀርቃል። «የዝናብ መለኪያ ጣሳ እያየ ቁጥር የሚመዘግብ የአየር ጠባይ ጣቢያ ሠራተኛ! ደራሲ ያደረግሁት እኔ ነኝ። የስንቱን ታሪክ ማብቂያ እንዳቃናሁለት የማውቀው እኔ ነኝ!»

ታይሲያ አንገቷን ደፍታ ንፍሮውን በማንኪያ ታማስላለች። ባሏ ኤርሞላይ ከሞተ ዛሬ ዘጠነኛ ቀኑ፣ የመታሰቢያው ድግስ ነው። በማርና በዘቢብ የተሠራው ንፍሮ፣ ብሊኒ የሚሉት ስስ ቂጣ፣ ኪሴል የሚሉት የፍራፍሬ አጥሚት፣ ሁሉም በወጉ ቀርቧል። መስተዋቱ እንደ ለቅሶ ቤት ወግ በአንሶላ ተሸፍኗል። ከኤርሞላይ ፎቶግራፍ ፊት ቮድካ የተሞላች ብርጭቆ በጥቁር ዳቦ ቁራሽ ተከድና ተቀምጣለች፤ የሟች ድርሻ ስለሆነች ማንም አይነካትም። በያሮስላቭል ከተማ ለቅሶ ደራሽ አይታጣም፣ ብሊኒ እስካለ ድረስ። ታይሲያ የማኘካቸው ድምፅ ጆሮዋ ውስጥ እየገባ አስቸግሯታል። ከሁሉም ግን የሩፊና አፍ ያስጠላታል። ሩፊና የልጆች መጻሕፍት አርታዒ ናት፤ ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ የኤርሞላይ መጽሐፍ ሁሉ ያለፈው በእሷ እጅ ነው።

«ምነው ዝም አልሽ፣ ታይሲያዬ?» ሩፊና ተቀምጣ ወደ እሷ ዘንበል አለች። ትንፋሿ ሽንኩርት ሽንኩርት ይላል። «የመጨረሻውን መጽሐፉን ስጪኝ እንጂ። ለመጪው ዓመት አወጣዋለሁ። ፎቶው ይገባል፣ መቅድሙን ራሴ እጽፋለሁ። ማብቂያውን ብቻ ትንሽ...» ከቦርሳዋ አንድ ወረቀት አወጣች። «ይኸው፣ አዘጋጅቼልሻለሁ። ከታች መፈረም ነው። ሁለት መስመር ብቻ እኮ ናት!»

ወረቀቱ ላይ «ልጅቷ ዓይኗን ገለጠች። ለካስ ሁሉም ሕልም ኖሯል» ይላል።

ታይሲያ ማንኪያውን አስቀመጠች። «ሁለት መስመር ብቻ» የሚለው ከሃያ ሁለት ዓመት በፊት የተናገረችው የራሷ ቃል ነበር።

ያኔ የሚኖሩት ከአምስት ቤተሰብ ጋር ወጥ ቤት በሚጋሩበት አፓርታማ፣ በአንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። ኤርሞላይ የመጀመሪያ መጽሐፉን ጨርሷል፤ ጣሪያ አሸንዳ ውስጥ ስለምትኖር፣ የተቀደደ ዝናብ በመርፌ ስለምትሰፋ ካፔልካ ስለምትባል አሮጊት፣ መርፌዋንም ስለምትሰጣት አንዲት ልጅ። ሩፊና አንብባ ወደደችው። ለሶቪየት ልጅ ግን አስማት እውነት ነው ተብሎ አይነገርም፤ ሕልም ከሆነ ይታተማል አለች። ኤርሞላይ ሦስት ቀን እህል አልቀምስ አለ። በአራተኛው ቀን ታይሲያ ትዕግሥቷ አለቀና «ሁለት መስመር ብቻ ናት፣ ጻፍላትና እንገላገል! መጽሐፍ ላሳተመ ደራሲ መንግሥት ቤት ይሰጣል» አለችው። ጻፈ። ቤቱም ተሰጣቸው። ዛሬ እንግዶቹ የሚያኝኩበት ይኸው ቤት ነው።

ከዚያ በኋላ ደብዳቤ መምጣት ጀመረ። ልጆቹ አልተሞኙም። «ለምን ሕልም ሆነ?» ይላሉ፤ አንዱማ «ውሸታም» ብሎ በቀይ እርሳስ ጽፎ ነበር። ኤርሞላይ ያንን ደብዳቤ ሳምንት ሙሉ በኪሱ ይዞት ዞረ። ቅዳሜ ሲደርስ የጽሕፈት መኪናው ፊት ተቀመጠ፤ በአምስት ወረቀት መሃል ማባዣ ካርቦን አስገብቶ እውነተኛዋን የመጨረሻ ገጽ ተየበና ለጠየቁት ልጆች ላከላቸው። ከዚያ ወዲያ ቅዳሜው ሁሉ እንደዚያው ሆነ። መጽሐፍ በወጣ ቁጥር ሩፊና ሕልም ታደርገዋለች፣ እሱ ደግሞ ለጠየቀ ልጅ ሁሉ እውነቱን በፖስታ ይልካል።

ታይሲያን የሚያስጠላት ፖስታ አስተሻሸጉ ነበር። ምላሱን እስከ ሥሩ አውጥቶ ሙጫውን ከዳር እስከ ዳር ይልሰዋል። ጣቱ ከካርቦኑ ጠቁሮ፣ ጢሙ በምራቅ ርሶ።

«ኤጭ! ላም እንኳ ጥጃዋን እንዲህ አትልስም! ማርጠቢያ ስፖንጅ ገዝቼልህ የለም ወይ?»

«ስፖንጁ ልጆቹን አያውቃቸውማ፣ ታይሲያ።»

«አንተስ የት ታውቃቸዋለህ?»

ይስቃል። ከዚያ ሊስማት ሲጠጋ ፊቷን ታዞራለች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አፉን አታስነካም። የሞተው እሑድ ጠዋት ነው። በዋዜማውም ፊቷን አዙራ ነበር።

«ብዕሩ ይኸውልሽ» አለች ሩፊና። «እሱ ቢኖር አንዴም አያንገራግርም ነበር።» እያወራች እጇን ሰደደች፤ ከኤርሞላይ ብርጭቆ ላይ ዳቦዋን አንስታ ገመጠች።

«ኧረ ሩፊና ሎቭና!» ጮኸች ግላፊራ። የሠፈሩ ፖስታ አመላላሽ ናት፤ ከበሩ አጠገብ ኮቷን እንኳ ሳታወልቅ ተቀምጣለች። «የሟች ነው እኮ!»

«ምኑ? ውይ!» ሩፊና አላቆመችም፣ ማኘኳን ቀጠለች። «እሱ መቼም አይቀየመኝም። በሕይወቱ ምን እምቢ ብሎኝ ያውቃል!» ስትስቅ ፍርፋሪው ከአፏ ወጥቶ ወረቀቱ ላይ አረፈ። እንግዶቹም አብረዋት ሳቁ።

ታይሲያ ብድግ አለች። ያንገሸገሻት ሩፊና ብቻ ብትሆን ይቀላት ነበር፤ ግማሽ ጥላቻዋ ግን በራሷ ላይ ነበር። ወረቀቱን ሳበችና ከሩፊና ሳህን የዓሣውን ጭንቅላትና አጥንት አራገፈችበት። አራት ጊዜ አጥፋ ጠቀለለችው፣ በእጇም አስጨበጠቻት።

«ይኸው፣ ሁለት መስመርዎን ይውሰዱ።»

«አብደሻል? ካልፈረምሽ መሳቢያ ውስጥ ይበሰብሳል፣ ገባሽ? ማንም አያትመውም! ኤርሞላይ የሚባል ሰው ይረሳል!»

«ይበስብስ» አለች ታይሲያ። ሩፊና እውነቷን እንደሆነ ግን ታውቃለች።

ሩፊና እየተራገመች ወጣች፤ ጥቅሉን ደረጃው ላይ ጥላው ሄደች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተነሡ፤ ብሊኒው አልቋል። ግላፊራ ብቻ ቀረች። ሳህኖቹን አጥባ ስትጨርስ እጇን በቀሚሷ ጠረገችና ከቦርሳዋ ፖስታ አወጣች።

«ጠዋት የመጣ ነው። ተቀባይ ሞቷል ተብሎ መመለስ ነው ደንቡ። እጄ እምቢ አለኝ።»

በትልልቅ የተጣመሙ ፊደሎች የተጻፈ ነው፤ ከቮሎግዳ ከተማ፣ ከአንዲት ልጅ። «ጋሼ ኤርሞላይ፣ ካፔልካ ሕልም ከሆነች መርፌው የት ገባ?»

ታይሲያ ሁለት ጊዜ አነበበችው። ከዚያ ከመሳቢያው የእውነተኛዋን የመጨረሻ ገጽ ቅጂ ፈልጋ አወጣች። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድ ቀን እንኳ አንብባት አታውቅም። የጽሕፈት መኪናው ፊት ተቀምጣ ወረቀትና ካርቦን ማነባበር ጀመረች።

«አንዲት ልጅ ናት እኮ የጠየቀችው» አለች ግላፊራ። «አምስት ቅጂ ምን ያደርጋል?»

«ሌሎቹ ይጠይቃሉ።»

በሁለት ጣት፣ ፊደል እየፈለገች ተየበች። «ልጅቷ መዳፏን ከፈተች። መርፌዋ እዚያው ናት፤ ገና አልደረቀችም።» እዚህ ስትደርስ አለቀሰች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ በእንግዳ ፊት አልቅሳ አታውቅም።

አድራሻውን ጽፋ ወረቀቱን ፖስታው ውስጥ ከተተች። ግላፊራ ስፖንጁን በውኃ ነክራ አቀረበችላት። ታይሲያ በክርኗ ወደዚያ ገፋችው፤ ምላሷን አውጥታ ሙጫውን ከዳር እስከ ዳር ላሰችው። መራራ ነው፤ የሚያስጠላ። አልተፋችውም፣ ዋጠችው።