የቱሉ ብርድ

«ካልቀመስሽ እኔም አልቀምስም» አሉ እመት ወለተጻድቅ፣ የጎረቤት ትልቅ ሴት ናቸውና ቆጣ ብለው። ሙሉወርቅ ጉርሻውን ተቀብላ ጉንጯ ውስጥ ያዘችው። ባሏ ቱሉ ከተቀበረ ዛሬ ሦስተኛ ቀኑ ነው። ከየካቲቱ እልቂት ወዲህ ኮልፌ ላይ ሰው ሲሰበሰብ ጣልያን ይጠረጥራል። ስለዚህ ለቀስተኛው ሁለት ሦስት እየሆነ ይመጣል፣ ድምፁን ዋጥ አድርጎ አልቅሶ ይሄዳል። በወግ ማልቀስ እንኳ ቀርቷል።

«የኔን አካሄድ አስመስሎ ሲያነክስ ሰፈሩ በሳቅ ይሞት ነበር» አሉ እመት ወለተጻድቅ። «አንድ ቀን እንኳ ተቀይሜው አላውቅም።»

ለቀስተኞቹ ፈገግ አሉ። ሙሉወርቅ አንገቷን ደፋች። ሌላው የሚያመሰግንለት ይኸው ማስመሰሉ ነው እሷን ሦስት ቀን ሙሉ ሲበላት የሰነበተው።

በሞተበት ቀን ጠዋት ቱሉ ባሕር ዛፍ ሲፈልጥ መጥረቢያው ነጥሮ ጭኑን በውስጥ በኩል ከፈተው። ደሙ እየዘለለ ይፈነጥቅ ነበር። ሙሉወርቅ ማንም ሳያስተምራት በሁለት እጇ ስትጫነው ቀጥ አለ። በመቀነቷ አሰረችው። ወንድሙ ገሜዳ ከጎረቤቶች ጋር ሆኖ በቃሬዛ አነሳው፤ እሷም እጇን ከቁስሉ ሳትነቅል ከጎን ከጎኑ እየሮጠች ወደ ከተማው ሐኪም ቤት ገሠገሡ። መንገዱ ላይ የጣልያን ኬላ ታየ። ያን ሰሞን ቁስል የተገኘበት ወንድ ሁሉ አርበኛ ነው፤ መጥረቢያ ነው ቢሉ ማን ይሰማቸዋል።

ገሜዳ ጋቢውን እስከ ወንድሙ አንገት ሳበው። «እጅሽን አንሺ፣ ንዳድ ነው እንላለን። ቱሉ፣ መቼም ይሄ አያቅትህም።»

ቱሉ ፈገግ አለ። እጇን አነሳች።

ወታደሩ አለቃው እስኪመጣ ድረስ አቆማቸው። ቱሉ ይንቀጠቀጥ ጀመር። ፊቱን ላብ አጠመቀው፣ ጥርሱ ተንገጫገጨ። «ሙሉ፣ በረደኝ» አለ። ቆይቶም «ውሃ» አለ። ወታደሩ በሽታው እንዳይጋባበት ፈርቶ ሸሸት አለ። ሙሉወርቅ ደግሞ በልቧ ኮራች። እንዲህ አድርጎ የሚያስመስል ሰው ከየት ይገኛል ብላ፣ ኮራች። ኬላውን አልፈው ጋቢውን ስትገልጠው መቀነቱ ላልቶ፣ የተኛበት ቁርበት ደም አቁሮ ነበር።

ከሰዓት በኋላ ጋሼ በዛብህ ለቅሶ ደረሱ። ሐኪም ቤት ቁስል ሲያጥቡ ያረጁ ሰው ናቸው። ሙሉወርቅ ተጠግታቸው ተቀመጠች።

«ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ደም የሚፈሰው ሰው ይበርደዋል?»

«ይበርደዋል። ላብ ያጠምቀዋል፣ ውሃ ይጠማዋል።»

«ያንቀጠቅጠዋል?»

«አዎ፣ ልጄ።»

«እያስመሰለ መስሎኝ ነበር» አለች።

ገሜዳ ከተቀመጠበት ተነስቶ ወደ ውጭ ወጣ።

«እጄን ባላነሳ ኖሮስ?»

ሽማግሌው መዋሸት ይችሉ ነበር። ለቅሶ ቤት ነው፣ ማንም አይታዘባቸውም። «ሐኪም ቤት ይደርስ ነበር ይሆናል» አሉ።

ሙሉወርቅ አላለቀሰችም። «የት ነው የሚጫኑት? ያሳዩኝ» አለቻቸው።

ጭን ማሳየት ነውር ነውና ጋሼ በዛብህ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ። የግራ እጇን ጣቶች የእጃቸው አንጓ ላይ አኖሩላት። «ይመታል?»

«ይመታል።»

ቀኝ እጇን ከክርናቸው ከፍ ብሎ፣ ክንዳቸውን በውስጥ በኩል አስያዟት። «አጥንቱ እስኪሰማሽ ተጫኚ።»

ተጫነች። ትርታው ደከመ፣ ከዚያም ጠፋ።

«አየሽ፣ እንዲህ ነው። በይ አሁን ልቀቂኝ።»

አልለቀቀችም። ግራ እጇንም አምጥታ ከቀኟ ላይ ደረበች። እመት ወለተጻድቅ «ሙሉዬ፣ ሰውየውን አሳመምሻቸው እኮ» አሉ። የሽማግሌው መዳፍ ነጣ። እሷ ጥርሷን ነክሳ፣ ወደ ክንዳቸው ጎንበስ ብላ በሁለት እጇ እንደተጫነች ቀረች። ጋሼ በዛብህ ሁለተኛ ልቀቂኝ አላሏትም።