ጎማውን የምትመታው ልጅ

የኢፍቱ አክስት ቡዜ በህልማቸው ያዩት ሟቹ ወንድማቸው ጫምሳ ተቆጥቶ ነበር፤ የጭነት መኪናውን፣ የአይሱዙውን ቁልፍ መሬት ላይ ወርውሮ «ሽጡት፣ ልጄን መንገድ እንዳይበላት» ብሏቸዋል። የሟቹ የመንገድ ጓደኛ ምልኬሳ ያየው ጫምሳ ደግሞ እየሳቀ ነበር፤ ያንኑ ቁልፍ ለልጁ ለኢፍቱ ሰጥቶ ራሱ ረዳት ወንበር ላይ ተቀመጠ። ሁለቱም ህልሞች የተነገሩት በሰልስቱ ማግስት፣ አዳማ፣ አንድ ድንኳን ሥር ነው።

«አንተ ያየኸው በምርቃና ይሆናል» አሉ ቡዜ።

«እርስዎም ንፍሮው በዝቶብዎት ይሆናላ።»

ለቀስተኛው ሳቁን በነጠላው ሸፈነ። የኢፍቱ እናት ዱሬቲ ግን አልሳቁም። በሁለቱ ህልም መካከል ልባቸው ተከፍሎ ስለነበር፣ ጫምሳ ለልጁ ለራሷ በህልሟ መጥቶ የሚነግራትን እንፈጽማለን ብለው ቆረጡ። ኢፍቱ አንገቷን ደፋች። መንጃ ፈቃድ ይዛ ከአባቷ ጋር መንገድ ውላ ያደረች ልጅ ነች፤ መኪናው ከተሸጠ ሥራዋም አብሮ ይሸጣል። አባቷን ግን በህልሟ አንድም ቀን አላየችውም።

ጫምሳ ለህልም እንግዳ አልነበረም። ለዓመታት ቁልቁለት ላይ ፍሬን እምቢ ሲለው ይቃዥ ነበር። አንድ ቀን ከመቂ ሽንኩርት ጭነው ሲመለሱ ከቅዠቱ እንዴት እንደተገላገለ አጫውቷታል። ቀን ሲነዳ ክላክስ በነካ ቁጥር «ነቅቻለሁ ወይስ ተኝቻለሁ?» ብሎ ራሱን መጠየቅ ለመደ። ልማዱ ህልሙ ውስጥ ተከትሎት ገባ፤ ክላክሱን ሲጫነው ድምፅ የለም። ህልም መሆኑን አውቆ ቁልቁለቱን እያፏጨ ወረደው።

«የኔ ክላክስ ግን ላንቺ ላይሆን ይችላል» አላት። «እጅሽ የለመደውን ፈልጊ።»

ኢፍቱም አሁን እንደሱ ህልም ውስጥ መሆኗን አውቃ፣ መኪናው ይሸጥ እንደሆነ አባቷን ልትጠይቀው ፈለገች። ስልኳ ላይ ያየችው ቪዲዮ ጣቶችሽን ቁጠሪ አላት፤ ቆጠረች፤ ምንም አልመጣም። ሌላው ደወል ሞልተሽ ተኚ አላት፤ ሳሎን ፍራሽ ላይ የተደረደሩትን ዘመዶች በሙሉ ቀሰቀሰች፤ ቡዜ ሌላ ሰው የሞተ መስሏቸው ጮኹ። የአባቷንም ክላክስ ሞከረች። በህልሟ ግን መሪው ጋ ደርሳ አታውቅም።

ታዲያ እጇ የለመደው ምን ነበር? ከመነሳታቸው በፊት ጎማዎቹን በብረት እየመታች ማዳመጥ የሷ ሥራ ነበር፤ አየር የጎደለው ጎማ ድምፁ ይደነዝዛል። ከዚያ ወዲህ ከድንኳኑ በወጣች ቁጥር አጥር ሥር ወደቆመው አይሱዙ እየሄደች፣ እየመታች፣ ነቅታ እንደሆነ ራሷን ትጠይቅ ጀመር። ሐዘኑ ጠንቶባታል ብለው አንሾካሾኩ፤ የከለከላት ግን የለም።

የአዳማ ሙቀት ሰውን ሁሉ ባደከመበት አንድ ከሰዓት ፍራሹ ላይ ሸለብ አደረጋት። ጎማውን መታችው። ጥጥ የመታች ያህል ዝም አለ።

ህልም ነው፣ አለች በልቧ፤ አልነቃችም። እንዳያመልጣት መዳፏን ጎማው ላይ አሳርፋ ቆየች፤ ከዚያ ጋቢናውን ከፈተች። አባቷ ጃኬቱን እንደለበሰ ብርቱካን ይልጣል።

ጥያቄው ምላሷ ላይ ነበር። አየችውና ገባት። ቡዜ መንገድ ይፈራሉ፤ ጫምሳቸው ተቆጣ። ምልኬሳ መንገድ ይወዳል፤ ጫምሳው ሳቀ። ይሄኛውም ቢሆን የሚመልስላት በራሷ አፍ ነው። ስለዚህ አልጠየቀችውም። ብርቱካኑን ልጦ እስኪጨርስ ራሷን ትከሻው ላይ ጣል አድርጋ ተቀመጠች።

ስትነቃ እናቷ ፊቷን እያዩ ነበር።

«አየሽው?»

«አየሁት።»

«ምን አለሽ?»

ቡዜም ምልኬሳም ጠበቋት። አንዱን ህልም መርጣ ብትደግም ማንም አይጠረጥራትም ነበር።

«አልጠየቅኩትም እማ። ብጠይቀውም የምመልሰው እኔው ነኝ።»

ከእናቷ ትከሻ የተንሸራተተውን ጥቁር ነጠላ አንስታ መለሰችላቸው፤ እጇ እዚያው ትከሻቸው ላይ ቀረ።

«ድንኳኑ ሲነሳ ወደ መቂ እወጣለሁ» አለች ሁሉም እንዲሰማ። «መኪናው አይሸጥም፤ እኔ እነዳዋለሁ።»