ሦስተኛው ረድፍ

«ቆይ፣ ቀስ በል» አለች ጡረተኛዋ መምህርት፣ እስክሪብቶዋን ከደብተሩ ላይ አንስታ። «ችካሎቹን ነቅለህ ምን አደረግህ?»

የመቃብሩ ጠባቂ ባርኔጣውን እያሻሸ አቀረቀረ። መምህርቷ የዚህችን ትንሽ የሰፈር መቃብር ታሪክ መጻፍ ከጀመረች ወር ሆኗታል። መጀመሪያ ማን እንደተቀበረ፣ አጥሩን እነማን እንዳጠሩት ስትጠይቀው እንደ ውሃ ያወርድላት ነበር። ሐውልት የሌለው፣ ቁጥር የተጻፈበት ችካል ብቻ የቆመበት ሦስተኛው ረድፍ ላይ ሲደርሱ ግን ቃላቱ ተዘበራረቁበት።

«ሣሩን ላጭድ ብዬ ነው እትዬ። ከቀኝ ጀምሬ ነቀልኳቸው፤ ስመልስ ከግራ ጀመርኩ። አሥራ አንዱንም።»

«መቼ?»

«ባለቤትዎ በተቀበሩ ሰሞን፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሆነው። የነቃሁት ዘግይቼ ነው፤ ለመናገር አፌ እምቢ አለኝ።»

የሒሳብ መምህርት ናትና ለማስላት ጊዜ አልፈጀባትም። በቦታው የቀረው መካከለኛው ስድስት ቁጥር ብቻ ነው። ሁለት ቁጥር የነበረው ባሏ አሁን ያለው አሥር ቁጥር ሥር ነው። በየሳምንቱ እየመጣች የልጃቸውን ሠርግ ያወራችው፣ ጣሪያው አፈሰሰ ብላ ያማረረችው ለእሱ አልነበረም። «ታዲያ ለማን ሳወራ ኖርኩ?»

«ለአንድ ልብስ ሰፊ» አለ ጠባቂው። «ዘመድ አልነበረውም።»

ወደ አሥር ቁጥር ሄደች። አረሙ ጉልበቷ ድረስ አድጓል። መጀመሪያ አፈረች፣ ቀጥሎ ተናደደች።

«ባትነግረኝ ምን ነበረበት?»

«ባለፈው ሳምንት ‹ስሞት አጠገቡ ቅበሩኝ› ብለው ሲያስጽፉኝ እንቅልፍ አጣሁ።»

መምህርቷ ዓይኗን በነጠላዋ ጠረገች። «ሌሎቹስ?»

«ከእርስዎ ሌላ የሚመጡት ሽማግሌው ሾፌር ብቻ ናቸው፤ ለእናታቸው፣ ስምንት ቁጥር። ነገ ይመጣሉ። እርስዎ ካልጻፉት ግን ማን ያውቃል?»

የተማሪ ስህተት አይታ አልፋ የማታውቅ ሴት፣ እስክሪብቶዋን ወደ ደብተሩ አስጠግታ መልሳ አነሳችው። ሽማግሌው ለመንበርከክ እንኳ የሰው እጅ ይፈልጋሉ። እሷን ዛሬ ያገኛት ነገ እሳቸውን ሊያገኛቸው ነው። በመጨረሻ የነገራትን አንድ ሳታስቀር ጻፈችና ደብተሩን ዘጋች።

«ነገ አንተ ዝም በል፤ እኔ እነግራቸዋለሁ።»

ከዚያ በስምንት ፋንታ አራት ቁጥር ወደቆመበት፣ ማንም ወደማይጎበኘው የሾፌሩ እናት መቃብር ሄዳ አረሙን አየችው።

«ማጭድህን አምጣ» አለችው። «እንዲህ ሆኖ አያገኙትም።»