ለሙፋሮ የተለመነ ጨዋታ

የሎቭሞር ታፋ የሚታመመው የሃራሬው ክለብ ሲመጣ ነው። ክዌክዌ ከተማችን ውስጥ ይህን የማያውቅ የለም፤ የኮምቢ ታክሲ ረዳቶች ሳይቀሩ ይቀልዱበታል። ሎቭሞር የማዕድን ክለባችን አንጋፋ መቺ ነው። የክሪኬት ጨዋታ ሲጀመር ቀድሞ ገብቶ፣ ያንን ድንጋይ የመሰለ አዲስ ኳስ መቀበል ያለበት እሱ ነው። ደካማ ቡድን ሲመጣ እንደ ሙሽራ ተሽሞንሙኖ ይገባና ሲቀጠቅጣቸው ይውላል። የሃራሬዎቹ አውቶብስ በሩ ላይ ሲቆም ግን ታፋውን ይዞ "ውይ! ውይ!" ማለት ይጀምራል። አልሸሹም፣ ዞር አሉ።

እኔ ኤስናት ነኝ፤ የክለቡን ምሳ የማበስለው። ሳድዛውን፣ ያንን የበቆሎ ገንፎ፣ ሳገነፋ ሜዳው በመስኮቴ ወለል ብሎ ይታየኛል። "ሴት ስለ ክሪኬት ምን ታውቃለች?" የሚል ካለ ምሳውን ሌላ ቦታ ይፈልግ።

ሙፋሮ የወንድሜ የቼንጄራይ ልጅ ነው። ያኔ ዕድሜው አሥራ ሰባት፣ የመጨረሻ ክፍል ተማሪ ነበር። ምን ልበላችሁ፣ ኳስ ሲመታ የሚስቅ ልጅ ነበር። ሌሎቹ ኳሱን እንደ ደመኛ ሲደበድቡት እሱ ነካ ብቻ ያደርገዋል፤ ኳሱ ሣሩን ሰንጥቆ አጥሩ ድረስ ይሄዳል። ልምምድ ሲያበቃ ላቡ ሳይደርቅ ወደ ማድ ቤቴ ይመጣል።

"ቴቴ፣ ዛሬ መቶ ነጥብ መታሁ።"

"መቶ ውሸት!"

"እሺ፣ ሰማንያ። ሃያውን በጎመን ያካክሱልኝ።"

እኛ ዘንድ የአባት እህት ቴቴ ናት። ልጅ ለአባቱ ደፍሮ የማይናገረውን ለቴቴው ይነግራል፤ ቴቴም ለሚመለከተው ታደርሳለች። እኔ ደግሞ መልእክት ሳደርስ ድምፄን ዝቅ አድርጌ አላውቅም።

ያን ዓመት ክለባችን ከደረጃው ግርጌ አካባቢ አልነቃነቅ አለ። ብርቱ ቡድን በመጣ ቁጥር ሽንፈት ነው። ሃራሬዎቹ ሊመጡ ሲሉ የሎቭሞር ታፋ እንደ ልማዱ ታመመና አሰልጣኙ ግዋቲዞ ሁለት ልጆች እንደሚያስገባ ተናገረ፤ ኢኖክ የሚባለውን ልጅ ስድስተኛ፣ የኔን ሙፋሮ ደግሞ መጀመሪያ። እውነቱን ልናገር፣ ግዋቲዞ ክፉ ሰው አይደለም። ከልቡ ነው የሚያምንበት። "መሸነፋችን ካልቀረ በሽማግሌ ለምን እንሸነፋለን? በልጆች እንሸነፍና ልጆቹ ይማሩበት" አለ። ሲሰሙት ደስ ይላል። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው።

ያን ቀን ሙፋሮ ማድ ቤት ሲመጣ ቀልድ አልነበረውም።

"ቴቴ፣ መጫወቱን እፈልጋለሁ። በጣም ነው የምፈልገው። ግን መጀመሪያ አልግባ። እንደ ኢኖክ ኳሱ ሲያረጅ፣ ወርዋሪዎቹ ሲደክሙ ልግባ። ለአባቴ ብነግረው ፈሪ ይለኛል።"

"ፈርተሃል እንዴ?"

"ትንሽ። ለጊዜው ትንሽ ነው።"

ማማሰያዬን እንደያዝኩ ወጣሁ። ወንድሜና ግዋቲዞ ከክለቡ በረንዳ ላይ ቢራቸውን ይዘው ተቀምጠዋል።

"ልጁ ይጫወት፤ መጀመሪያ ግን አይግባ" አልኳቸው። "ደካማዎቹ ላይ ይልመድ። ሃምሳ ስልሳ ይምታና ልቡ ሲደነድን ያኔ ለጅቦቹ ስደዱት።"

"ኤስናት፣ ወርቅ በእሳት ይፈተናል" አለ ወንድሜ። የማዕድን ሠራተኛ ስለሆነ ወርቅ ካልጠራ ንግግር ያሳመረ አይመስለውም።

"ወርቅማ ይፈተናል። ሰም ግን ይቀልጣል። ያንተ ልጅ የትኛው እንደሆነ አውቀሃል?"

"ሳይሞከር እንዴት ይታወቃል?"

"ከቀለጠ በኋላ ብታውቀው ምን ይጠቅምሃል?"

ግዋቲዞ ሳቅ አለ። "ቴቴ፣ እኔም በሱ ዕድሜ ነው የገባሁት። ይኸው አልሞትኩም።"

"አንተማ አልሞትክም። ካንተ ጋር የገቡት ሌሎቹስ የት አሉ?"

ብርጭቆውን እስከ ታች ጨለጠ። ውሳኔው ግን ያው ሆነ።

ቅዳሜ ጠዋት ሙፋሮ ነጭ በነጭ ለብሶ ገባ። ከሃራሬዎቹ መሃል "ባቡር" የሚሉት አንድ ረጅም ወርዋሪ አለ። ከሩቅ ሲንደረደር መሬቱ ይሰማዋል። መጀመሪያ የወረወራት ኳስ ለእኔም አልታየችኝ። ብዙም ሳይቆይ ከሙፋሮ ጀርባ ያሉትን ሦስት እንጨቶች ገነጣጠላቸው። እንጨቱ ከወደቀ መቺው ተቃጠለ፤ ዜሮውን ይዞ ይወጣል።

"አላየኋትም ቴቴ" አለኝ ውሃ ስሰጠው። "ሰማኋት እንጂ አላየኋትም።"

በማግስቱ በሁለተኛው ዙር ደግሞ ኳሷ ነጥራ ጎኑን አገኘችው። ተንበረከከ። እጄን አፌ ላይ ጭኜ ቀረሁ። ተነሳ! ጎሽ የኔ ልጅ፣ ጎሽ! መምቻውን አስተካክሎ ቆመ። ቀጥሎ ያየሁትን ግን ምነው ባላየሁት። ባቡሩ ገና ከመንደርደሩ የሙፋሮ የኋላ እግር ሸርተት ብላ ወደ ጎን ሄደች። እሱ አላዘዛትም። መቺ ከኳሱ መንገድ ከሸሸ እንጨቱ ጠባቂ የለውም፤ ወደቀ። አንዱ ሰካራም ከአጥሩ ጥግ "እግሬ አውጪኝ!" ብሎ ጮኸ። ሰው ሁሉ ሳቀ። ከዚያን ቀን ጀምሮ የሰፈሩ ሰው በዚያ ስም ይጠራው ጀመር።

ኢኖክስ? ኢኖክ ሁለት ጊዜ ኳሷን ወደ ሰማይ አጉኖ ሁለቴም ከሚይዙት ሰዎች እጅ ሾለከችለት። ከዚያ ልቡ ሞላለትና አርባ መትቶ ወጣ። ግዋቲዞ በደስታ ማድ ቤቴ ድረስ መጣ።

"አዩ ቴቴ? ልጅ እንዲህ ነው የሚሠራው!"

"ኢኖክን አየሁ" አልኩት። "ሌላኛውንም አይቻለሁ። አንተስ አይተኸዋል?"

በሚቀጥለው ሳምንት ደካማ ቡድን መጣ። የሎቭሞር ታፋ ዳነ። ሙፋሮ ውሃ ተሸካሚ ሆኖ ከዳር ተቀመጠ። አልቻልኩም፤ በመስኮቱ ብቅ ብዬ ጮኽኩ።

"ለጅብ ሲሆን ሙፋሮ፣ ለፍየል ሲሆን ሎቭሞር! አታፍሩም?"

"ቴቴ፣ ታፋ እኮ ሰው አያዘውም" አለ ሎቭሞር።

"ያንተ ታፋማ ማን ያዘዋል! የጨዋታ ፕሮግራም ያነባል!"

ሳቁ። እኔም ሳቅኩ ይመስለኛል። ነገሩ ግን ዓመቱን ሙሉ በዚያው ቀጠለ። ብርቱ ቡድን ሲመጣ ሙፋሮ ይገባል፣ ይቃጠላል። ደካማ ሲመጣ ሎቭሞር ይገባል፣ ይመታል። ከዚያም ሰው "ሎቭሞር ባይኖር ምን ይውጠን ነበር፣ ያ ልጅ እኮ ከንቱ ነው" ይላል። አህያውን ፈርቶ ዳውላውን ነው እንጂ፣ ሎቭሞርን በስሙ ጠርቶ ፈሪ ያለው አንድም ሰው አልነበረም።

አንድ እሑድ ወንድሜ ቤት ስሄድ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ይዘገንነኛል። ቼንጄራይ ግቢው ውስጥ ችካል ተክሎ፣ የልጁን የኋላ እግር በገመድ ከችካሉ ጋር አስሮ ኳስ ይወረውርበታል። እግሩ እንዳይሸሽ መሆኑ ነው። ሙፋሮ ቁርጭምጭሚቱ ተልጧል። 

"ፍየል ነው እንዴ የምታስረው! አንተ ሰውዬ፣ አብደሃል?"

"ምን ላድርግ ኤስናት? ምን ላድርግ ንገሪኝ! ጉድጓድ ስወርድ ሳይቀር 'የእግሬ አውጪኝ አባት' ነው የሚሉኝ።" እንባው መጣ። ወንድሜን ሲያለቅስ ሳይ፣ እናታችን ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያዬ ነበር። ገመዱን በቢላ ቆርጬ ጣልኩት።

ሙፋሮ እስከ በሩ ሸኘኝ።

"አይዘኑ ቴቴ። እነዚህ ሃራሬዎች ማንንም ያቃጥላሉ። አንድ ደካማ ቡድን ላይ ቢያስገቡኝ እኮ አሳያቸው ነበር።"

ይህን ቃሉን ይዤ ተነሳሁ። የዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ከገበሬዎቹ ክለብ ጋር ነበር፤ ከእኛም የባሱ ደካሞች ናቸው። ወርዋሪያቸው ሲክስፐንስ የሚሉት ወፍራም ሥጋ ሻጭ ነው፤ ኳሱ ቀስ ብላ፣ ሰላም እያለች ነው የምትደርሰው። በዚያን ሰሞን ኢኖክን ራሱ የሃራሬው ክለብ ወስዶት ነበር፤ ግዋቲዞም በሄደበት ሁሉ የኢኖክን ታሪክ ያወራል። ሄጄ ፊቱ ቆምኩ።

"ሙፋሮ መጀመሪያ ካልገባ ያን ቀን ምድጃዬ አይነድም። ለሃያ ሁለት ሰው አንተ አገንፋ።"

"ቴቴ፣ ከተሸነፍን ወደ ታች እንወርዳለን እኮ።"

"በዚህ ልጅ ነፍስ ላይ ቆማችሁ ነው ያልወረዳችሁት። ግዋቲዞ፣ እባክህ። አንዴ እንኳ ቀላሉን ስጠው።" መቆጣት አስቤ ነበር የሄድኩት፤ መጨረሻ ላይ ለመንኩት። ጉልበቱን ለመያዝ ጎንበስ ስል ደንግጦ አነሳኝ፤ እሺም አለኝ። ሎቭሞር እንኳ ከኋላ ሆኖ "ይግባ፣ ይግባ" አለ።

ሙፋሮ ሲሰማ ተሸክሞ አዞረኝ። እናቱ ልብሱን አጥባ ተኩሳ አዘጋጀችለት። ቼንጄራይ የጉድጓድ ጓደኞቹን ሁሉ ይዞ መጣ፤ ፀሐዩ ደስ የሚል፣ ሜዳው ለምለም ነበር። እኔ ወጡን ትቼ ወደ ውጭ ወጣሁ።

ሲክስፐንስ ሁለት ሦስት እርምጃ ተራምዶ ወረወረ። ኳሷ በአየር ላይ ስትመጣ ሕፃን ልጅ እንኳ ስፌቷን ሊቆጥር ይችላል። የሙፋሮ እግር ሸርተት አለች። መምቻውን አወዛወዘ፤ ሳታት። ቀና ብሎ ሰውን አየ፣ ከዚያ ጎንበስ ብሎ እግሩን አየ። በመምቻው ጫፍ ቁርጭምጭሚቱን መታ። እንደገና ቆመ። ሁለተኛዋ ኳስ መጣች፤ እግሩ ያው ሸሸች። ከሩቅ ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አየሁት፤ እግሩን እየለመናት ነበር። ሦስተኛዋ እንጨቱን ነካችው። ለመጣል እንኳ ጉልበት አልነበራትም፤ እንጨቱ ዘመም ብሎ ነው የወደቀው።

 ከዚያ አንዱ "ከሥጋ ሻጭ ሸሸ!" አለና ሜዳው በሳቅ ፈረሰ። የሳቀው ሃራሬዎቹ ፊት ሙፋሮን የላከው የራሳችን ሰው ነው። ቼንጄራይ ባርኔጣውን ፊቱ ላይ ደፋ። ሲክስፐንስ ብቻ አልሳቀም። ሆዱን ይዞ እያለከለከ ወደ ልጁ ሄደና ትከሻውን ያዘው።

"ልጄ፣ እኔ እኮ ሰው መትቼ አላውቅም" አለው። "ከኔ ምን ያሸሽሃል?"

ሙፋሮ ማድ ቤት ገብቶ የዱቄት ማዳበሪያው ላይ ተቀመጠ። የቅልጥም መከላከያውን ፈትቶ ጎን ለጎን አስተካክሎ አስቀመጠ። አላለቀሰም። ቢያለቅስ ይሻለኝ ነበር።

"ሌላ ጊዜ" አልኩት። "ይህ አንድ ቀን ነው። ግዋቲዞን ደግሞ እነግረዋለሁ፤ ሌላ ቀላል ጨዋታ..."

"ቴቴ።"

"ወዬ።"

"ሃራሬዎቹ ሲያቃጥሉኝ፣ እነሱ ስለሆኑ ነው እል ነበር። ማንም ቢሆን ይቃጠላል እል ነበር። ሰው ሲሰድበኝ፣ ደካማ ቡድን ይምጣና አሳያችኋለሁ እያልኩ ነው ስኖር የከረምኩት።" እጁን አየ። "ያችን ቀላል ጨዋታ ባይለምኑልኝ ኖሮ አሁንም እሷን እጠብቅ ነበር።"

 ከምድጃው አጠገብ ቁጭ ብዬ ተንሰቀሰቅሁ። ከውጭ "ምሳ! ምሳ የለም እንዴ ዛሬ?" እያሉ ይጣራሉ። ሙፋሮ ተነስቶ ማማሰያውን ከእጄ ወሰደ።

"አይዞዎት ቴቴ" አለኝ። "ይቀመጡ፣ እኔ አወጣላቸዋለሁ።" ሳድዛውን በየሳህኑ አወጣና ለሳቁበት ሰዎች አንድ በአንድ አደላቸው።